ጉዳዩ፦ በጽሑፍ ከተሰጠ ቃል ውጭ ለውሻዬ ስለተሰጠ ምግብ የቀረበ ቅሬታ

ለውሻ ማቆያው ሥራ አስኪያጅ
ሜሪላንድ

ይህ በጉዳዩ ላይ የምጽፍልዎ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምላሽ አላገኘሁም፤ ለሦስተኛው ደግሞ ትናንት «ለሚቀጥለው ቆይታ ሦስት ሌሊት በነፃ» የሚል ኩፖን ደርሶኛል። ውሻዬን ዳግመኛ እናንተ ዘንድ አሳድራለሁ ብሎ ያሰበው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።

መዝገቡ በእጅዎ ስላለ የቆይታውን ዝርዝር አልደግምም። ደጀንን ባስረከብሁበት ዕለት በቅጹ ላይ «ከራሱ ደረቅ ምግብ በቀር ምንም አይቅመስ፣ በተለይ ሽንኩርት የነካው ነገር» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌያለሁ፤ የተረከበችኝ ሠራተኛም ከሥሩ ፈርማበታለች። ምክንያቱንም ቆሜ አስረድቻለሁ፦ ሽንኩርት የማንኛውንም ውሻ ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ እንደ አኪታ ካሉት የጃፓን ዝርያዎች መካከል ግን አንዳንዶቹ ፖታሲየም የበዛበት ቀይ የደም ሴል ስለሚወርሱ ጉዳቱ ይብስባቸዋል፤ ደጀን ከእነዚህ አንዱ መሆኑ በምርመራ ታውቋል፤ ሽንኩርቱ ቢበስልም መርዝነቱ አይለቅም። «በሚገባ ተረድቻለሁ፣ አያስቡ» ነበር ያለችኝ።

ከአዲስ አበባ በተመለስሁ በሁለተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቆረ፤ ከንፈሩን ገልጬ ሳይ ድዱ ነጥቷል። በር ሲንኳኳ ሳይጮህ ተነሥቶ በእኔና በበሩ መካከል የሚቆም የ40 ኪሎ ውሻ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት ከሥሩ ተኛ። ሐኪሙ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ሄንዝ ቦዲ የሚባለውን የሴል ጉዳት አገኘበት፤ ደም ተሰጥቶት ሦስት ሌሊት ክሊኒክ አደረ።

ስደውል ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ አልካደም፤ እንዲያውም ሳቀ። «እህቴ፣ ፋሲካ አይደል? ሁላችን ዶሮ ስንበላ ቁጭ ብሎ ሲያየን አንጀታችን አልችል አለ፤ እሱም ይፈስክ ብለን ነው» አለኝ። ስንት ቀን እንደበላ ብጠይቀው «ድስቱ እስኪያልቅ» ሲል መለሰ። ቅጹን ባስታውሰው «አገር ቤት ውሻ ምን በልቶ ነው የሚያድገው?» ብሎ ዘጋብኝ። ርኅራኄውን አልጠላሁትም፤ ለአንድ ድስት ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚቁላላ ግን ለእናንተ መንገር የእኔ ድርሻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ «ኃላፊው ይደውሉልዎታል» ተብያለሁ።

ሌላውን ባላነሣው እወድ ነበር። ነገር ግን አኪታ በዓመት ሁለት ጊዜ የውስጥ ፀጉሩን በሚያራግፍበት ወቅት በየቀኑ እንዲበጠር 90 ዶላር ተጨማሪ ከፍዬ ማበጠሪያው ከነካርቶኑ ሳይከፈት ተመልሶልኛል፤ ከወንድ ውሻ ጋር ፊት ለፊት እንዳይሆን ብለምንም ከሮትዋይለር ትይዩ ነበር ያደረው። ይህ ሁሉ ሆኖ ፎቶው «ብርቅዬው እንግዳችን» በሚል ጽሑፍ፣ ያለፈቃዴ፣ ማስታወቂያችሁ ላይ ወጥቷል። ጃፓን በ1931 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮ ቅርስነት የመዘገበችው ዝርያ በእርግጥም ብርቅ ነው፤ አያያዙ ግን እንደ ጽሑፉ አልነበረም።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የጠየቅሁት ይቅርታ ብቻ ነበር። አሁን ግን የሕክምናው ወጪ 2,860 ዶላርና የቆይታው ሒሳብ እንዲመለስልኝ፣ በየዕለቱ የተሰጠው ምግብ ዝርዝር ለሐኪሙ በጽሑፍ እንዲላክ፣ ፎቶውም እንዲነሣ እጠይቃለሁ። ይህ በ10 ቀን ውስጥ ካልተፈጸመ የተፈረመበትን ቅጽ ቅጂ ይዤ ለፍርድ ቤት አቤቱታ አቀርባለሁ።

ኩፖኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የደጀን ባለቤት