የወላጆች ግሩፕ ለምን ተዘጋ?

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የአጋማሽ ዓመቱ ፈተና በሰላም ተጠናቋል፤ ካርድ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰጣል። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ከእንግዲህ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት የሚለጥፈው ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነው። ውሳኔው ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ ሰምቻለሁ። የሆነውን ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአንዲት እናት አካውንት ተጠለፈና በእሳቸው ስምና ፎቶ «የትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ተቀይሯል፣ ክፍያ በዚህ አስገቡ» የሚል መልእክት ወጣ። አምነው የከፈሉ አሉ።

«የተጠለፈው የእሷ ስልክ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ስልካቸውን ማንም አልነካም። የሚያውቁት ሰው መስሎ የቀረበ አንድ አጭበርባሪ «በስህተት አንቺ ጋ የገባ ኮድ አለ፣ ቶሎ ላኪልኝ» አላቸው፤ ላኩለት። በቃ፣ ይኸው ነው። ነገ እናንተም ላይ ሊደርስ ይችላል። ቴሌግራም ራሱ ይህን የአካውንት መክፈቻ ኮድ ሲልክ «ለማንም አትስጡ» ብሎ ይጽፍበታል። እሱን አንብቦ የሚልክ ሰው መኖሩ እስካሁን ይገርመኛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ከሚለው ስር «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን አብሩ። የራሳችሁን ፓስወርድ ስትሰጡት፣ ኮዱ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ብቻውን አካውንቱን አይከፍትም። «ዲቫይስስ» የሚለውንም እዩ። አካውንታችሁ የተከፈተበት የማታውቁት ስልክ ካለ ወዲያው አስወጡት። ካልቻላችሁ ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ ከእኛ ይሻላሉ።

ሁለተኛው ቅሬታ «ስደውል የልጄን ውጤት አልነግርም አሉኝ፣ ድምፄን እያወቁ!» የሚል ነው። ድምፅ ዛሬ ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሩፕ በተባለ የምህንድስና ኩባንያ የሚሠራ ሰው፣ በቪዲዮ ስብሰባ የኩባንያውን ኃላፊዎች እያየና እየሰማ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ አስተላልፏል። ኃላፊዎቹ ግን በኮምፒውተር የተቀነባበሩ ምስሎች ነበሩ። ታዲያ የእኛ ጸሐፊ በስልክ ድምፅ ብቻ ማንን ትለይ? ቁጣችሁን እሷ ላይ አታውርዱባት። መመሪያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«የሕፃን ልጅ መረጃ ለማን ይጠቅማል?» ያሉኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የትምህርት ቤቶችን መዝገብ የሚያስተዳድረው ፓወርስኩል የተባለ ኩባንያ ተሰርቋል። ሌቦቹ የገቡት በተሰረቀ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ነው፤ የወሰዱትም የተማሪዎችና የመምህራን መረጃ ነው። መረጃውን እንዲያጠፉት ኩባንያው ለሌቦቹ ገንዘብ ከፍሎ ነበር። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2025 በዚያው መረጃ ትምህርት ቤቶችን ማስፈራራት ተጀመረ። አንዴ የወጣ መረጃ በገንዘብ አይመለስም። የአዋቂ ስም ያለአግባብ ሲሠራበት ባለቤቱ ይነቃል። ልጅ ግን አድጎ በስሙ አንድ ነገር እስኪጠይቅ ድረስ ማን ያውቅለታል?

እናንተ ግን ለምዝገባ የተጠየቀውን የልደት ሰርተፍኬት ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ለጠፋችሁት። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የወላጅ ስም፣ ሁሉም እዚያ አለ። ግሩፑ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ታውቁታላችሁ? እኔ አላውቀውም። የለጠፋችሁትን እባካችሁ አጥፉ። ሰነድ በአካል ለቢሮ ይሰጣል። «ሩቅ ነው፣ ሥራ አለብኝ» የምትሉትን እረዳለሁ፤ በታሸገ ፖስታ በልጃችሁ መላክ ይቻላል።

ገንዘቡን ትምህርት ቤቱ ይመልስ ለምትሉ፦ ሐዘናችሁ ይገባኛል፤ ገንዘቡ ግን እኛ ጋ አልደረሰም። የከፈላችሁ ለባንካችሁና ለፖሊስ በቶሎ አመልክቱ፤ በዘገየ ቁጥር ዕድሉ ይጠባል። ደብዳቤ ካስፈለጋችሁ እንጽፋለን። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ቁጥር ደረሰኛችሁ ላይ የታተመው ብቻ ነው። ቢቀየር ማኅተም ባለው ደብዳቤ እናሳውቃለን እንጂ በግሩፕ፣ በስልክ ወይም በሊንክ አንናገርም። እኔ ነኝ ብሎ የሚደውል ቢኖር እንኳ ስልኩን ዘግታችሁ በቢሮው ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። አልቀየምም።

ለልጆች የልደት መልካም ምኞት መግለጫ ብቻ ግሩፑ ይከፈትልን ብላችሁ ፊርማ ያሰባሰባችሁ ወላጆች፣ ማመልከቻችሁ ደርሶኛል። አይከፈትም።

ከሰላምታ ጋር፣
ርእሰ መምህሩ