ሰናይቴ፣ ንቦች ስለሚወዱት ወይን ልንገርሽ

ውድ ሰናይቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልሽ ምን ትይኝ ይሆን እያልኩ ነው። እናትሽ እትዬ ያረፉ ጊዜ አልደወልኩልሽም። ወሬውን ከሰው ሰማሁ። ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላማ በምን አፌ ብዬ ፈራሁ። ይቅር በይኝ እህቴ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ብርጭቆ ወይን ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አሁን ያለሁት ደቡብ ጣሊያን ነው፤ ከኔፕልስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው ገባ ብሎ፣ አቬሊኖ የሚባለው አውራጃ ውስጥ። መንደሯ ላፒዮ ትባላለች። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት፣ ማታ ማታ ብርዷ የደብረ ብርሃንን ያስታውሰኛል። አንዲት አሮጊት ሲኞራ እንከባከባለሁ። ልጃቸው ከቤቱ በታች ግማሽ ሄክታር የምትሆን የወይን ማሳ አለው። ወይኑ ፍያኖ ይባላል፣ ነጭ ወይን ነው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ለቀማ ደረሰ። እዚህ ቬንዴሚያ ይሉታል። ሰው አንሷቸው ነበርና ለእኔም መቀስ ሰጡኝ። ሰናይቴ፣ ያን ቀን ብታዪኝ! ዘለላው ትንሽ ነው፣ መዳፍሽ ውስጥ ይገባል። ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ቆዳው ወፍራም፣ ፀሐይ ባገኘው በኩል ወርቅማ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያደረገበት። አንዷን ጨምቀሽ ብታዪ የሚወጣው ጭማቂ ከጠብታ አያልፍም። ስኳሩ ግን ሌላ ነው። ረፋድ ላይ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው መቀሱ ከእጄ አልላቀቅ አለኝ። ሳጥኑን ዞር ብዬ ሳይ ንብ ወርሮታል። አንዲቷ የተሰነጠቀች ፍሬ ውስጥ ጭንቅላቷን ቀብራ ስትመጥ፣ ሳጥኑን አንስተን ስንሄድ እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

ይሄ የንብ ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም። ሮማውያን አፒያና የሚሉት የወይን ዘር ነበራቸው፣ አፒስ በላቲን ንብ ማለት ነው። ቬሱቪየስ የሚባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ79 ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ፣ ሽማግሌው ፕሊኒ፣ ለዚያ ወይን ስም ያወጡለት ንቦች ናቸው ብሎ ጽፏል። ያኛው ወይንና የዛሬው ፍያኖ አንድ ናቸው ብሎ ቁርጡን የሚናገር ማስረጃ አልተገኘም። የላፒዮ ሰዎች ግን ጥርጥር የለባቸውም፤ የመንደራችን ስም ራሱ ከዚያ ነው የመጣው ይላሉ። ጠርሙሱ ላይም «አፒያኑም» ብሎ መጻፍ ተፈቅዷል። እኔ ንቦቹን በዓይኔ ስላየሁ ከእነሱ ጋር ነኝ። በመካከለኛው ዘመንም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ የንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ መዝገብ ላይ ፍያኖ በስሙ ተጠቅሶ ይገኛል።

እንዲህ ያለ ዘር ግን ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። አስቢው፣ ትንሽ ዘለላ፣ ወፍራም ቆዳ፣ ጠብታ ጭማቂ። ገበሬ ልጆቹን ሊያበላበት አይችልም። በላዩ ላይ ፊሎክሴራ የሚባለው የወይን ሥር የሚበላ ተባይ መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ስደቱ። ሰዉ እየነቀለ ብዙ የሚያፈራውን ሌላ ዘር ተከለ። አቅራቢያችን አትሪፓልዳ የሚባል ከተማ አለ፤ እዚያ አንቶኒዮ ማስትሮበራርዲኖ የሚባል ሰው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ያረፈው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁሉም አዲስ ዘር ትከሉ ሲል እሱ የአገሩን ዘር አልለቅም አለ። ፍያኖ ዛሬ ላለበት ክብር ከማንም በላይ የሚመሰገነው እሱ ነው። ወይኑ እ.ኤ.አ. በ2003 የጣሊያን ከፍተኛውን የወይን ደረጃ አገኘ። «ፍያኖ ዲ አቬሊኖ» ተብሎ ለመሸጥ ወይኑ ከዚሁ አውራጃ ከ26 ቀበሌዎች ብቻ መምጣት አለበት፣ ቢያንስ 85 በመቶውም ፍያኖ መሆን አለበት። ስለ ማስትሮበራርዲኖ ስሰማ ሆዴ ይባባል። እኛ አገር እያንዳንዷ እናት የምትጥለው ጠጅ የየራሱ ጣዕም አለው፣ እሷ ስታልፍ ማን ይዞ ይቀራል?

ሲኞራዬ ስለ ወይን ሲያወሩ ሁልጊዜ ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ይመለሳሉ። በእኛ ኅዳር 14 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ። 90 ሰከንድ ያህል ተንቀጠቀጠ። ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። እራት ሊያቀርቡ ሲሉ ነበር፣ ጎተራው ውስጥ ጠርሙሶቹ ሲንኳኩ የሰሙት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሯቸው አልወጣም። በበነጋው ባላቸው ፍርስራሹን አልፎ መጀመሪያ ወደ ማሳው ወርዶ ግንዶቹን አንድ በአንድ እየነካ አየ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው ብዙ ቤተሰብ ፍሬውን ለነጋዴ መሸጥ ትቶ በራሱ ስም መጥመቅ የጀመረው።

አሁን ወደ ብርጭቆው ልምጣ። መጀመሪያ የቀመስኩ ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ምንም አላለኝም። አዲስ ወይን ነበር፣ ያውም ከፍሪጅ በረዶ ሆኖ የወጣ። ጎምዘዝ ያለ ውኃ መሰለኝ። ልጅየው ፍያኖ ልጅ ሳለ ዝምተኛ ነው አለኝ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት የሲኞራዬ የልደት ቀን ነበርና አሥር ዓመት የቆየ ጠርሙስ ከምድር ቤት አወጣ። ቡሹን ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛው ላይ ተወው። ቀለሙ እንደ ጠራ ቅቤ ሆኗል። አፍንጫዬን ሳስጠጋ መጀመሪያ ጭስ ሸተተኝ፣ የታጠነ ጋን ዓይነት ጭስ። ከዚያ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ማር።

ሰናይቴ፣ የእትዬ ጓዳ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ጋኑን በወይራ አጥነው፣ አፉን በነጭ ጨርቅ አስረው፣ «አትክፈቱት፣ ገና ነው» ብለው የሚቆጡን። ወይኑ ጠብታ ማር የለበትም እኮ! ምላስሽ ላይ ስታደርጊው ጭራሽ አይጣፍጥም፣ ደረቅ ነው። ማሩ ሽታው ላይ ብቻ ነው ያለው። ከዋጥሽው በኋላ ደግሞ ኖቾላ የሚሉት ክብ ለውዝ መሳይ ፍሬ ተቆልቶ የሚሰጠው ዓይነት ጣዕም ይመጣል (የአቬሊኖ ሰው በኖቾላም የታወቀ ነው)፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ይላል፣ ጌሾ እንደሚያደርገው። ብርጭቆውን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ። ሲኞራዬ ምን ሆንሽ አሉኝ። የጓደኛዬ እናት ሞተው አላለቀስኩላቸውም ነበር አልኳቸው። እጄን ይዘው ዝም አሉ።

ለፋሲካ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አለ። አንድ ጠርሙስ እልክልሻለሁ፣ የቆየውን ዓይነት ለምኜ አስቀምጫለሁ። አደራሽን፣ ብዙ አታቀዝቅዢው። ከፍተሽ ትንሽ ጠብቂው፣ ከዚያ በእትዬ ብርሌ ቅጂና ቀስ ብለሽ አሽትቺ። በጾም እንዳይደርስሽ ብቻ፣ ከደረሰሽም ለበዓሉ አቆዪው።

አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ጻፊልኝ። እትዬ ጌሾውን የሚጨምሩት ብርዙ በስንተኛው ቀን ነበር? ከሰዉ ሁሉ የሚለዩበት ነገር ነበራቸው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም። የሲኞራዬ ልጅ ማር እሰጥሻለሁ ብሎኛል፣ እዚሁ ከማሳው ዳር ቀፎ አለው።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ቁጥርሽ ካልተቀየረ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ።

እህትሽ
ከላፒዮ