ክረምቱ ሲወጣ ስለ ውሻና ድመታችሁ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ዝናቡ እየቀነሰ ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ቀበና ያሉ ግቢዎች ፀሐይ ማየት ጀምረዋል። በዚህ ሰሞን ክሊኒካችን ከሚመጡት ውሾችና ድመቶች ብዙዎቹ ሲያክኩ የሚውሉ ናቸው። እናንተ "የቁንጫ መድኃኒት ስጡን" ስትሉ እኛ ደግሞ "ግቢው ውስጥ ሌላ እንስሳ አለ? የት ነው የሚተኛው?" እያልን እንጠይቃለን። ለአንዱ መድኃኒት ፈልጋችሁ መጥታችሁ ስለ ሁሉም ስንጠይቅ ግራ የገባችሁ አላችሁ። ደብዳቤውን የጻፍነው ለዚህ ነው።

ውሻው ላይ የምታዩት ቁንጫ ቤት ውስጥ ካለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ቁንጫ የምትጥለው እንቁላል ከፀጉሩ እየረገፈ መኝታው ላይ፣ ምንጣፍ ሥር፣ የወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እዚያው ተፈልፍሎ ትል ይሆናል። ትሉም ድር ፈትሎ ራሱን ይሸፍናል። ሽፋኑ ውስጥ እያለ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ሙቀትና የእግር እንቅስቃሴ ሲሰማው ቁንጫ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒት ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ቁንጫ ብታዩ "አልሠራም" ብላችሁ አታቋርጡት። ያ ቁንጫ ከመድኃኒቱ በፊት ቤት ውስጥ የነበረ ነው።

ግቢው ውስጥ ያሉትን እንስሳት ሁሉ በአንድ ቀን አክሙ። የመኝታ ጨርቁን በሙቅ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የከረመ ጆንያ ከሆነ ግን መጣሉ ይሻላል። ሶፋ ሥርና ጥጋጥጉን ጥረጉ። መድኃኒቱንም ቢያንስ ለሦስት ወር ሳታቋርጡ ስጡ። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የገባችሁም ብትሆኑ ያው ነው፤ ምንጣፍ ካለ ቁንጫ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። የውሻ መድኃኒት ለድመት አታድርጉ። በብዙ የውሻ የቁንጫ መድኃኒቶች ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። መድኃኒቱ ገና ያልደረቀበት ውሻ አጠገብ የተኛች ድመት እንኳ ልትመረዝ ትችላለች። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖንም ቤት ውስጥ በግምት በጥብጣችሁ አትቀቡ። ርካሽ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ለእንስሳውም ለልጆቻችሁም መርዝ ነው።

ሣሩ ስላደገ መዥገርም አለ። ጆሮ ውስጥ፣ በጣቶች መካከል፣ ብብት ሥርና ከአንገት ማሰሪያው በታች እየዳበሳችሁ ፈልጉ። ስታገኙ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ቀስ አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ሳቡት። ነጭ ጋዝ ማፍሰስና በእሳት መተኮስ ይቅር።

አሁን ስለ በዓሉ። ለእንቁጣጣሽም ለመስቀልም በግ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ "ይሄ ለውሻው ነው" ተብሎ ይጣልለታል። እባካችሁ ይህ ይቅር። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትንሽ ትል ዘር ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከሰገራው ጋር ይወጣል። ውሻው ምንም ሳይታመም ፀጉሩንና አፈሩን ይበክላል። እሱን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ከበላ ያው ከረጢት በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሊያድግ ይችላል። ሲታወቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ክፍል አቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩ። ቅንጥብጣቢም ቢሆን በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ። የትል መድኃኒት ስትገዙ ፕራዚኳንቴል ያለበትን ጠይቁ፤ ሌላው የትል መድኃኒት በአብዛኛው ይህን ትል አይገድልም።

የዶሮ ወጥ ትርፍም ለውሻ አይሆንም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ደም ይጎዳል፤ ወጡ ደግሞ ሽንኩርት ነው።

በደመራ ምሽት መስቀል አደባባይ አካባቢ ያላችሁ ርችቱን ታውቁታላችሁ። ውሻ ሲደነግጥ አጥር ዘሎ ይጠፋል። በሰንሰለት ታስሮ ሲዘል የታነቀም አለ። ከመምሸቱ በፊት አብሉት፣ በር የሚዘጋ ክፍል ውስጥ አስገቡት፣ ሬዲዮ ክፈቱለት።

አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል ማግስት የሚውለው መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ክትባቱን ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ቡችላና የድመት ግልገል ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተባሉ፤ ከዚያ በየዓመቱ። ከቤት የማትወጣ ድመትም ትከተብ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የነከሰውን ውሻ ቸኩላችሁ አትግደሉት። መያዝ ከተቻለ ተዘግቶበት 10 ቀን ይታይ።

ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሲታጠን ደግሞ የሚያስሉና ያረጁ እንስሳትን ቤት አስገብታችሁ መስኮት ዝጉ።

ስትመጡ የክትባት ካርዱን ያዙ። ውሻ በማሰሪያ፣ ድመት ቀዳዳ ባለው ካርቶን ወይም ክዳን ባለው ቅርጫት ይምጡ። ግቢያችሁ ውስጥ ከሁለት በላይ እንስሳ ካለ አስቀድማችሁ ደውሉልን፤ ሁሉንም በአንድ ቀን እንድናይ ሰዓት እንይዝላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ሠራተኞች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ