የዜግነት ክበብ ዘንድሮ፦ ስለ ውሻ የተጻፉ ደብዳቤዎች

ዘንድሮ ክበባችን ምን እየሠራ እንደሆነ ስናገር ከወላጆች የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነበር። «ለውሻ ብላችሁ ነው ልጆቹን ቅዳሜ ከሰዓት የምታስቀሯቸው?»

አዎ፣ ለውሻ ነው። ከጦርነት ተመልሰው እንቅልፍ ላጡ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ስለሚሰጥ ረዳት ውሻ።

ሐሳቡን ያመጣችው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። ጎረቤቷ ኢራቅ የዘመቱ ሰው ናቸው። ጥቅምት ላይ ውሻቸውን ይዘው መጡልን። ውሻው ጠረጴዛ ሥር ተጋደመ፤ ልጆቹ እንዳይነኩት በስንት ልመና ያዝኳቸው። በመሀል ኮሪደር ላይ አንድ ሰው በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው። እንግዳችን ንግግራቸውን አቋረጡ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። ውሻው ማንም ሳያዘው ብድግ አለና አገጩን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገ፤ እጃቸው መንቀጥቀጡን እስኪተው ንቅንቅ አላለም። እነዚህ ልጆች እንደዚያ ጸጥ ሲሉ አይቼ አላውቅም። ሌሊት ሲቃዡም የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ሕጉ ገባን። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ማየት፣ መስማት ወይም መንቀሳቀስ ለሚቸገሩት የውሻውን የሕክምና ወጪ ይሸፍናል፤ የአእምሮ ቁስል ግን ከደንቡ ውጭ ቀረ። በ2021 እ.ኤ.አ. ፓውስ የሚባለው ሕግ ወጣ። ጥሩ ነው፣ ግን ለ5 ዓመት የሚቆይ ሙከራ ነው፣ እሱም ወታደሮቹ ራሳቸው ውሻ እያሠለጠኑ እንዲታከሙ የሚያደርግ ነው፣ ቦታውም 5 ብቻ። አንድ ውሻ ሠልጥኖ እስኪወጣ ደግሞ እስከ 2 ዓመት ይፈጃል፣ ወጪውም በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። ስለዚህ ልጆቹ የመረጡት ሴቭስ የተባለውን ረቂቅ ሕግ ነው፤ ውሻ አሠልጥነው ለወታደሮቹ በነፃ ለሚሰጡ ድርጅቶች መንግሥት ገንዘብ እንዲመድብ የሚጠይቅ።

የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች፣ እውነቱን ልናገር፣ አይረቡም ነበር። «ውሾች በጣም ደስ ይላሉ፣ እባክዎ ይርዱ።» ሁሉንም መለስኳቸው። ረቂቁን በስሙ ጥሩት፣ ደግፉልን በሉ፣ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፣ በቃ። ያቺው ልጅ «ጎረቤቴ መብራት አጥፍተው መተኛት የጀመሩት ውሻው ከመጣ ወዲህ ነው» ብላ መጣች። እኔ እንኳ ይህን አልጽፈውም ነበር።

ለማን ይላክ ሲባል ሌላ ጉድ ወጣ። ተማሪዎቻችን ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዲሲ ነው የሚመጡት፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያዎቹ ሁለት ሁለት ሴናተሮቻቸውን ወዲያው አገኙ፣ የዲሲዎቹ ግን ፈልገው ፈልገው ሴናተር የሚባል እንደሌላቸው፣ በተወካዮች ምክር ቤትም ያለቻቸው አንዲት ተወካይ የመጨረሻው ድምፅ ሲሰጥ እንደማትቆጠር ደረሱበት። አንዱ «ታዲያ እኛ ለምን እንጽፋለን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን ለተወካይዋ ጻፈ፣ ስለ ውሻው አንድ አንቀጽ፣ ስለ ሴናተሩ ሁለት።

መልስ የመጣው ከሁለት ቢሮ ብቻ ነው። ሁለቱም ለሁሉም ሰው የሚላክ ዓይነት ደብዳቤ ነበር፣ አንደኛው ላይ የልጅቷ ስም ተሳስቷል። እሷ ግን ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች።

አንድ ነገር ግን ሳላወራ አላልፍም። ምግብ ቤት ያላቸው አንድ አባት ከዓመታት በፊት ውሻ የያዘ ሰው ከበር መልሰው እንደነበር ሹክ አሉኝ። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ሠራተኛ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አሳይ ማለት አይቻልም። ይህን የነገራቸው ልጃቸው ነው። በቀደም ምሳ ልበላ ስገባ ሁለቱ ጥያቄዎች በልጁ እጅ ጽሑፍ ካሸሩ ጋ ተለጥፈው አየሁ።