የእማዬ ፈትል

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለጠፋሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እማዬ ካረፈች በኋላ፣ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን አየዋለሁ፣ አላነሳውም። ካንቺ ጋር ካወራሁ ስለሷ ማውራታችን አይቀርም። ለዚያ አቅም አልነበረኝም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ሥዕል ነው።

ከአርባዋ በኋላ ከፎቶዋ ላይ ልስላት ተቀመጥኩ። ታውቂኛለሽ፣ በማስመሰል እጄ አይታማም። ፎቶውን በካሬ በካሬ ከፋፈልኩ፣ ሸራውንም እንደዚያው። ሦስት ወር ለፋሁበት። ሽበቷን አንድ በአንድ፣ የአንገቷን ንቅሳት ሳይቀር። ያየው ሁሉ "ቁርጥ እሷን!" አለ። እኔ ግን ሳየው የመታወቂያ ፎቶ ሆነብኝ። እማዬ እዚያ ውስጥ የለችም። ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

አምና የማታ ትምህርት ጀመርኩ። አስተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን ቀጫጭን ብሩሾቼን ሰብስቦ የግድግዳ ቀለም መቀቢያ ሰጠኝ። አራት ጣት ይሰፋል። "በይ ቅንድብ ሳዪበት" አለኝ። አይቻልም። ለካ የፈለገውም ይህንኑ ነው። ዝርዝሩን ስትከለከዪ እጅሽ ሌላ ነገር መፈለግ ይጀምራል። ክብደት ይፈልጋል፣ ፍጥነት፣ የቀለም ሙቀትና ቅዝቃዜ። ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ለሳምንታት የማወጣው ጭቃ ነበር። አንድ ማታማ አልቅሼ ነው የወጣሁት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ሄድኩ። ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቁን፣ ነገሩን እንዳለ የማያስመስለውን ሥዕሉን "የኛ አይደለም" ያሉት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 የሳለውን ጎልጎታ አስቢው። ሕማሙን የሚነግርሽ የፊት ገጽታ አይደለም፣ ቀዩ ነው። ደግሞስ ከኛ በላይ ይህን ማን ያውቃል? የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን አስታውሺ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያዩሻል። ክፉዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሰዓሊው ሁለተኛውን ዓይን መሳል አቅቶት አይደለም! ልጅ ሆነን ስንሳለም እንደዚያ ያለ ዓይን በመንገድ አይተን አናውቅም፤ ግን አምነነዋል።

ቤት ገብቼ ፎቶዋን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ሸራውን ወለል ላይ ዘረጋሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መጀመሪያ የመጣልኝ ፊቷ አልነበረም። እጇ ነው። ባዘቶ የያዘው ግራ እጇ፣ እንዝርቱ ሲሾር፣ ፈትሉ ሲረዝም። ስለዚህ እጇን ከራሷ አስበለጥኩት። ፊቷ ላይ ቀለም በቢላ ጎትቼ አለፍኩ፣ ዓይን የለውም፣ አፍ የለውም። ፈትሉን ግን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በአንድ ምት በነጭ አሰመርኩት። መሀል ላይ ቀጠነ፣ ሊበጠስ ደረሰ፣ እንደገና ወፈረ። አላስተካከልኩትም።

ታናሽ ወንድሜ ሲያየው ዝም ብሎ ቆየ። "ቁርጥ እሷን" አላለም። "ማታ ማታ ስትፈትል እንቅልፍ የሚወስደኝ እዚህ ጋ ነበር" ብሎ የሥዕሉን ታችኛውን ጥግ አሳየኝ። እዚያ ጋ ከቡናማ ቀለም በቀር ምንም አልሳልኩም። ያኔ ነው ላንቺ መጻፍ እንደምችል የተሰማኝ።

አሁን ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስትሄጂ በራሷ ፈትል አሠርታ የሰጠችሽ ነጠላ አለ አይደል? ጥለቱ እኔ ላይ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ሆኖ ይመጣብኛል። ፎቶ እንዳትልኪልኝ። ሳጥኑንም አትክፈቺ። አንቺ እንዴት እንደምታስታውሽው ብቻ ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ