የኩሬው ጠርዝ፦ የዓሣና የውኃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነበር፤ ጎንደር ካለው ከትምህርት ቤታችን ግቢ ኩሬ ቆሮሶ የተባሉትን ዓሦች የሚወስዳቸው ማን ነው? በመስከረም ማብቂያ 60 ጫጩቶች ገብተው ነበር። በኅዳር አጋማሽ ኩሬው በመረብ ተጎትቶ ሲቆጠር የተገኙት 38 ናቸው። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ አልታየም፣ ውኃው አልሸተተም፣ የቀሩትም መኖ ሲጣልላቸው ፈጥነው ይመጣሉ። በሽታ ወይም የአየር እጥረት ቢሆን ኖሮ የሞተ ዓሣ ይገኝ ነበር። ያለ ምንም ቅሪት ሲጎድል ግን ሌባው ከውጭ ነው።

ሌባውን ለመለየት አባላቱ በየማለዳው ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በተራ ኩሬውን ጠበቁ። ማታ ማታም በጠርዙ ዙሪያ ደቃቅ አፈር ነስንሰው ጠዋት ዱካ አነበቡ። ድመት በልታ የተረፋትን ትታ ትሄዳለች፤ ቅርፊት፣ ጭራ፣ አንዳንዴም ጭንቅላት ድንጋዩ ላይ ይቀራል። ዱካዋ ክብ ነው፣ ጥፍር አይታይበትም። ሸለምጥማጥም ሌሊት ስለሚመጣ በዱካ ብቻ ከድመት መለየት ይከብዳል፤ መከላከያቸው ግን አንድ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ልጆቹ ሽመላ የሚሏት፣ እግሯም አንገቷም ረጅም የሆነው ግራጫ ወፍ ግን ዓሣውን ሙሉውን ስለምትውጥ ምንም አትተውም። የሚገኘው ጭቃው ላይ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ረጅም ጣት ወደ ኋላ የታተመበት ዱካና እንደ ኖራ የነጣ ኩስ ነው። ስታው ያመለጠ ዓሣ ካለ ጀርባው ወይም ጎኑ ላይ የተወጋ ቁስል ይታያል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ ከጣት የማይበልጡትን ከላይ ተወርውራ ታነሣለች። ምልክቷ መቀመጫዋ ነው፤ በኩሬው ላይ ያለፈ ሽቦ ወይም ቅርንጫፍ ካለ ከሥሩ ኩስ ይከማቻል።

በእኛ ኩሬ በብዛት የተገኘው የሽመላ ዱካ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድ በኩል። ይህ ጎን ውኃ በባልዲ ለመቅዳት እንዲያመች ሲባል ቀስ እያለ ወደ ውስጥ የሚያዘቀዝቅ ሆኖ የተሠራ፣ ዳሩ ላይ ከስንዝር የማይበልጥ ጥልቀት ያለው ነበር። ኩሬው 6 ሜትር በ4 ሜትር ሲሆን በሌላው በኩል 1 ሜትር ይጠልቃል። ታዲያ ዓሦቹ ጥልቁን ትተው ለምን ወደ አደጋው ይሄዳሉ? መልሱ ብርዱ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጣና ከእኛ ከ300 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቆሮሶ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ነው፤ ከ16 ዲግሪ በታች መብላት ያቆማል፣ ይደነዝዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ያደረው ዓሣ፣ ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታሞቀውን ስስ ውኃ ፍለጋ ወደዚያ ዳር ወጥቶ ጀርባው ከውኃው ሊወጣ ምንም ሳይቀረው ይቆማል። ሽመላዋም የምትቆመው እዚያው ነው። በዚያ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ የክረምቱ ኩሬዎችና ረግረጎች ሲደርቁ ወፎቹ የቀረውን ውኃ ፍለጋ ይመጣሉ። ብርዱ፣ የውኃው ማነስና የወፎቹ መብዛት በአንድ ወቅት ይገጥማሉ ማለት ነው። በኅዳር የጎደለውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መረብ አልነበረም፤ ጠርዙን መለወጥ ነበር። ከሁሉ በላይ የጠቀመውም ይኸው ነው። ሽመላ አትዋኝም፤ ቆማ ነው የምታድነው። መቆሚያ ካጣች ግማሹ ሥራ አለቀ። ኩሬው በአሸዋ ጆንያና በላስቲክ ለሁለት ተከፍሎ ዓሦቹ ወደ ጥልቁ ግማሽ ተዛወሩ፤ ስሱ ጎን ውኃው በባልዲ ተቀድቶ ከደረቀ በኋላ ከጠርዙ ጀምሮ 70 ሴንቲ ሜትር ቁልቁል ተቆፈረ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገነባ። ቅርጹን ለልጆቹ ለማስረዳት የፋሲል መዋኛን ግንብ ማስታወስ በቂ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል እንጂ አያዘቀዝቅም። ከላይ የተደረደረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ ውኃው 12 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ የውኃው ወለልም ከድንጋዩ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ድመት ጠርዝ ላይ ተኝታ በእጇ የምትጨልፈው በአጠገቧ ያለውን ብቻ ስለሆነ ይህ ከፍታና ድንጋዩ ተደምረው እጇን ያሳጥሩባታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው አዲሱ ሲሚንቶ ነው። ትኩስ ሲሚንቶ የነካው ውኃ ኖራማ ይሆናል፤ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ብዙ ጊዜም ይገድላል። የተገነባው ጎን በውኃ ተሞልቶ ሳምንት ይቆያል፤ ውኃው ከኩሬው ውጭ ይደፋል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ፒኤች (የውኃውን አሲድነት ወይም ኖራማነት) መለኪያ ወረቀት ተነክሮ ከ9 በታች ማሳየቱ ሲረጋገጥ ብቻ የአሸዋው ጆንያ ይነሣል። ቸኩሎ ጆንያውን ማንሣት ከአሥር ሽመላ የባሰ ጉዳት ነው።

መረቡ ሁለተኛው ሥራ ነበር። ስምንት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ20፣ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው 40 ሴንቲ ሜትር ተቀበሩ። ከመሬት የቀረው ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። መረቡ 9 በ7 ሜትር፣ የዓይኑ ስፋት 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክሩ ወፍራምና ጥቁር ነው። ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ቀጭንና የማይታይ የናይለን መረብ ርካሽ ቢሆንም አልተመረጠም፤ ወፍ ሳታየው ትገባበትና ክንፏ ተጠላልፎበት ታድራለች።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። መረቡ የተወጠረው በናይለን ገመድ ነበር፤ ገመዱ በጤዛና በዝናብ ሲረጥብ ለጠጥ ብሎ መሃሉ ወደ ውኃው ረገበ። ሽመላዋ የረገበው መረብ ላይ ቆመች፤ በክብደቷ መረቡ ውኃው ድረስ ወረደ፤ እሷም በዓይኖቹ መሃል ምንቃሯን እየሰደደች ማደኗን ቀጠለች። ላላ ያለ መረብ ለወፏ መቆሚያ መሥራት ነው። ገመዱ በ3 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ ተተካ፤ ሁለት ሽቦዎች መሃል ላይ ተሻገሩ፣ በየጫፋቸው በሚጠብቅ መወጠሪያ ተያዙ። አሁን መሃሉ በእጅ ሲጫን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ከሥር ነበር። መረቡ መሬት ሳይነካ በመቅረቱ ሽመላዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በእግሯ ገባች። ድመትም እንዲሁ። አሁን መረቡ እስከ መሬት ወርዶ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይታጠፋል፣ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ በችካልና በድንጋይ ይያዛል። ለመኖ መጣያ የተተወችው መስኮት 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ሁልጊዜ በሁለት መንጠቆ ትዘጋለች።

መረብ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ በሽመላ ላይ ሌላ ዘዴ አለ። ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሁለት ሲባጎ ዙሪያውን መወጠር ነው፤ አንዱ ከመሬት 20፣ ሌላው 35 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ሽመላ አብዛኛውን ጊዜ ራቅ ብላ አርፋ በእግሯ ስለምትቀርብ ሲባጎው እግሯን ያግዳል። ድመትን ግን አያቆምም፣ ከላይ ተወርውራ የምትመጣዋንም አያቆምም።

ስለ ድመቶች ክበቡ ረዘም ያለ ውይይት አድርጓል። ድመቶቹ መጀመሪያ የመጡት ለዓሣ ሳይሆን ከምሳ ለሚተርፍ እንጀራ ነው። ፍርፋሪው አሁን ክዳን ባለው በርሜል ይከተታል። ከመረቡ ውጭ የቀጋ ቅርንጫፍ ግማሽ ሜትር ስፋት ይዞ ዙሪያውን ተነጥፏል። መርዝ ይደረግ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ ይህ ፈጽሞ አይሆንም። መርዙ በዝናብ ታጥቦ ኩሬ ውስጥ ይገባል፣ ለተባይ የሚረጨው ማላታይን በጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይገድላል፣ የትምህርት ቤቱን የእህል መጋዘን ከአይጥ የሚጠብቁትም እነዚሁ ድመቶች ናቸው። ወንጭፍም ተከልክሏል። ወፎቹ የዱር እንስሳት ናቸው፤ እኛ የምንጠብቀው ኩሬውን ነው።

በኩሬው ውስጥ መደበቂያ ተዘጋጅቷል፤ አፋቸው የተሰበረ አራት እንስራዎች በጎናቸው ተኝተው፣ ስለታማ ጠርዛቸው በድንጋይ ተሞርዶ፣ እንዲሁም 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ የ110 ሚሊ ሜትር ቱቦዎች። ከላይ 1 በ1.5 ሜትር የሆነ የደንገል ታንኳ መሰል ተንሳፋፊ ጥላ አለ። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ በሦስት ወር አንዴ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ለጥላ ሲባል ከጣና ዳር ተንሳፋፊ ተክል ማምጣት ግን ክልክል ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጣናን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳር የወረረው እንቦጭ የሚዛመተው በአንዲት ቅጠል ተሸካሚ ግንድ ጭምር ነው።

መኖውም ቦታ ተቀይሯል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ አሁን የሚጣለው በጥልቁ መሃል፣ ውኃው ሞቅ ካለ በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ጠርዝ ላይ መኖ የለመደ ዓሣ ጥላ ባየ ቁጥር ወደ ጠርዝ ይመጣል፤ የድመት ይሁን የሰው አይለይም።

ማስፈራሪያዎችን በተመለከተ የሚያብረቀርቅ ሲዲ፣ የካሴት ክርና የሰው ቅርጽ ተሞክረዋል። ሳምንት ያህል ይሠራሉ፤ ከዚያ ወፎቹ ይለምዷቸዋል።

ከመጋቢት ጀምሮ ውኃው ሲሞቅ ቆሮሶዎቹ ይራባሉ። እናቲቱ እንቁላሎቹን በአፏ ስለምትይዝ የሚያሰጋው ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ ነው። ያን ጊዜ ጠላቱ ከመረብ በታች ነው፤ እንቁራሪትና የውኃ ተርብ እጭ። ለዚህ መፍትሔው ኩሬው ሲደርቅ ነው የሚሠራው። በካሬ ሜትር 100 ግራም ኖራ፣ ለእኛ ኩሬ 2.4 ኪሎ፣ ይነሰነሳል፤ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ውኃው 1 ሚሊ ሜትር ዓይን ባለው ወንፊት አልፎ ይሞላል። ዓሦቹ የሚገቡት ፒኤቹ ተለክቶ ከ9 በታች መሆኑ ሲታወቅ ነው፤ ከዚያ በላይ መዘግየት ግን ነፍሳቱ ቀድመው እንዲፈለፈሉ ዕድል ይሰጣል።

መረቡ በየጠዋቱ ይታያል። የተያዘች ወፍ ከተገኘች አንድ ተማሪ ጋቢ ወይም ነጠላ ጣል አድርጎ ጭንቅላቷን ይሸፍናል፣ መምህር ምንቃሯን ይይዛል፣ ሌላው ክሩን በመቀስ ይቆርጣል። ሽመላ ዓይን ነው የምትወጋው፤ ፊትን ማቅረብ አይገባም።

አሁን የሚቀረው ክረምቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ በረዶው መረቡን ይጭናል፣ ኩሬውም ሞልቶ ይፈሳል። የትርፍ ውኃ መውጫው አፍ 1 ሴንቲ ሜትር ዓይን ባለው ሽቦ ታስሯል፤ ቅጠል ሲዘጋው ውኃው በጠርዝ ስለሚያልፍ በየሁለት ቀኑ ይጠረጋል። የመወጠሪያው ቁልፍ ጥበቃ ክፍል ውስጥ በበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። በረዶ በጣለ ቁጥር መረቡን ከሥር በመጥረጊያ እንጨት መታ መታ አድርገው እንዲያራግፉት ከጥበቃ ሠራተኞቹ ጋር ተስማምተናል።