ቆራሌው ያልወሰደው ከረጢት

ቀጮዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እናታችንስ ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ይሄን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አምና ሰኔ ላይ «ቡና ቆልቼ መሸጥ ልጀምር ነው፣ አንቺ ሽሮሽን በምን እንደምታሽጊ ንገሪኝ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አየሁት። አልመለስኩም። ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልሽ፤ አፍሬ ነው።

ያን ሰሞን «ፕላስቲክ የሚባል ነገር ደጄ አይደርስም» እያልኩ አገር ምድሩን አሰልችቼ ነበር። ቡናማ የወረቀት ከረጢት አሠርቼ፣ አፉን በሲባጎ አስሬ፣ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ሲያምር! ከዚያ ክረምት ገባ።

ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ይሄን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ግን ተምሬም አላወቅኩትም። ሽሮው ጓጎለ። የበርበሬው ቅባት ወረቀቱን አልፎ ወጣ። ነቀዙማ በስቶ ገባ። አንድ ቀን የሰፈራችን እናት ከረጢቱን ይዘው መጡ። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡኝ እጃቸውን ከተው ድንች የሚያህል የሽሮ ጓል አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ሽሮ ነው ወይስ ጭቃ?»

60 ኪሎ ደፋሁ። አተሩ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በአንድ ቀጭን ወረቀት ምክንያት ገደል ገባ። ለዚያ ሽሮ የወጣው ውሃና ማገዶ ከረጢቱ ከሚያወጣው ስንት እጥፍ ነው? አካባቢን ላድን ብዬ የሠራሁትን ጉድ አየሽልኝ።

ተናድጄ ወደ ሌላው ጫፍ ዞርኩ። መርካቶ ወርጄ ውስጡ ብርማ የሆነውን፣ ዚፕ ያለውን ላሚኔት ገዛሁ። እርግጥ ነው፣ እሱ ሥራውን ያውቃል። አየርም፣ ብርሃንም፣ እርጥበትም አያስገባም። ወራት አልፎትም ሽሮዬ ትናንት የተፈጨ ይመስል ነበር። ደንበኛው ተመለሰ። ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት ቆራሌው በራችን ላይ ቆመ። ያጠራቀምኩትን ሃይላንድና ጠርሙስ ሰጠሁትና፣ ባዶ የላሚኔት ከረጢቶችም ጨመርኩለት። አንዱን አንስቶ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው፣ ጆሮው አጠገብ አንኮሻኮሸው፣ መለሰልኝ። «ማዘር፣ ይሄ ብር ይመስላል እንጂ ብር አያወጣም።» ሳቅኩኝ፤ ገብቶኝ አልነበረም። በኋላ አንዱን በመቀስ ከፍቼ ሳየው ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየም፣ እንደገና ፕላስቲክ ተደራርቦ ተጣብቋል። ማን ይለያየዋል? ስለዚህ መጨረሻው ቆሼ ነው። ቆሼ በመጋቢት 2009 ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ሲቀብር ስልክ ላይ አብረን ያለቀስነውን አልረሳሁትም። እኔም ለዚያ ክምር የድርሻዬን እየላክሁ ነበር ማለት ነው።

አሁን ማሸጊያ ሳይ ሁለት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ክረምቱን ያልፋል? ቆራሌው ይወስደዋል? ሻጩ «ኢኮ» ምናምን ቢልሽ ጆሮ አትስጪው። «እርጥበት የማያስገባ ወረቀት ነው» ካለሽ አንዱን ውሃ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ወረቀቱ ተልጦ ከሥሩ ስስ ላስቲክ ብቅ ይላል። እኔ ያሳደርኳቸው ሁሉ እንደዚያ ነበሩ! «በስብሶ አፈር ይሆናል» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅ የብስባሽ ማምረቻ ይፈልጋል። ጓሮሽ የሙዝ ተክል ሥር ብትቀብሪው እዚያው ታገኚዋለሽ።

እኔ አሁን ምን አደረግሁ መሰለሽ? ለሰፈሩ ሰው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ እሰጣለሁ። ለባልዲው የመያዣ ብር ያስይዛሉ፤ ሲያልቅ ባልዲውን አጥበው ይመጣሉ፣ እሞላላቸዋለሁ። ለስላሳ ልንገዛ ባዶ ጠርሙስ ተሸክመን የተላክነውን ታስታውሻለሽ? አንቺ ሰብረሽ እኔ የተገረፍኩበት? እሱው ነው። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። ባልዲው ሲሰበርም ቆራሌው አይንቀውም።

ለሱቆች ደግሞ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ የሆነ፣ ወፍራም ከረጢት እጠቀማለሁ። በርበሬ ብርሃን ሲያየው ቀለሙ ስለሚነጣ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡልኝ እላቸዋለሁ። እንደ ላሚኔቱ ረጅም ጊዜ አያቆይም። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየፈጨሁ ቶሎ ቶሎ አደርሳለሁ። ሩብ ኪሎውንም ትቼ የ1 ኪሎ ብቻ አደረግሁት። ከረጢት ላይ ማሳተም ይቅርብሽ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቀለም ሲሊንደር ያስቀርጽሻል፣ የሚያሳትምሽም በብዛት ነው። እኔ ስቲከር እለጥፋለሁ።

ላሚኔቱን ግን ጨርሼ አልተውኩም። አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ በሱ አሽጋለሁ። ሻንጣው ውስጥ በርበሬ ፈሶ ልብሱ ሁሉ ሲያስነጥሰው ከሚኖር ይሻላል። ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም።

ወደ ቡናሽ ልምጣ። የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲተፋ ይሰነብታል። እንደቆላሽ አጥብቀሽ ካሸግሽው ከረጢቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ላኪዎቹ ከረጢት ላይ የምታያት ክብ ነጥብ ቫልቭ ናት፤ ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። ሩቅ የምትልኪ ከሆነ ያስፈልግሻል። እዚያው ሐዋሳ ቆልተሽ በሳምንቱ የሚያልቅ ከሆነ ግን ምን ያደርግልሻል? ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ሽጪና ቆርቆሮውን ይመልሱልሽ። የተፈጨውን አታስቀምጪ፤ ሲመጡ ፍጪላቸው።

ፌስታሉን ሕጉ እንደያዘው ሰምተሽ ይሆናል። በ1999 የወጣው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ነበር የሚመለከተው፤ በ2017 የጸደቀው ግን ከበድ ያለ ነው። ስለዚህ ሱቅሽን ስትከፍቺ በፌስታል አትጀምሪ። ዘንቢል ይዘው ይምጡ።

ይኸው ሁሉንም ነገርኩሽ። 60 ኪሎውን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴ እንኳን 20 ነው የሚመስለው። አደራ እንዳታወጪው።

ለፋሲካ ሐዋሳ እመጣለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ከመጀመሪያው የተቆላ ቡናሽ ግማሽ ኪሎ አስቀምጪልኝ። ማሸጊያ አትጨነቂ፣ ቆርቆሮዬን ይዤ ነው የምመጣው።

ያንቺው
ሽሮ ደፊዋ